የጠረፍ የኖራ እቶኖችና የአራዳ ግንቦች

(በፒያሳ ለግንበኞች፣ ለአርክቴክቸር ተማሪዎችና ለአሮጌ ቤት ወዳጆች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ባሕር በሌላት አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ቁጭ ብለን ስለ ባሕር ጠረፍ የኖራ እቶን ልናወራ ነው። ርዕሱን ያየ አንድ ወዳጄ «ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» ብሎኛል። ያገባናል። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ጊዮርጊስ ስታቀኑ የምታዩዋቸው አሮጌ ግንቦች ድንጋያቸው በምን እንደተያያዘ ብትመረምሩ፣ ግንበኛው የፈለገውን ሳይሆን በቅሎና ግመል፣ ኋላም ባቡር ሊያመጣለት የቻለውን ታገኛላችሁ። እኔ ዛሬ የምለው ነገር አንድ ነው፤ ከተማ በምን እንደሚገነባ የሚወስነው የሸክም ጉዳይ ነው። ይህን ከጠረፍ የኖራ እቶን አጥርቶ የሚያሳይ ሕንፃ አላውቅም።

ኬሚስትሪውን ቶሎ ልጨርሰው። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲግል በውስጡ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከ100 ኪሎ ድንጋይ 44 ኪሎው በአየር ላይ ይበተናል፤ 56 ኪሎ ጥሬ ኖራ ይቀራል። ጥሬው ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይንተከተካል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ዱቄት ይሆናል። ውሃ የጠጣው ኖራ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ድንጋይ መሐል ከገባ በኋላ ደግሞ የለቀቀውን ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ፣ በወራትና በዓመታት ውስጥ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል።

አሁን ሒሳቡን አስቡት። ድንጋዩ ሲቃጠል ክብደቱ በግማሽ ያህል ከቀነሰ፣ ማንም ነጋዴ ድንጋዩ ከሚፈነቀልበት ካባ አጠገብ አቃጥሎ ቀላሉን ኖራ ቢጭን ይሻለው ነበር። ታዲያ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝና በዌልስ ጠረፍ፣ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ጥሬውን ድንጋይ ጭነው ባሕር አቋርጠው የሚሄዱት ለምን ነበር? በየትንሹ የባሕር ወሽመጥ አፍ ላይ፣ የኖራ ድንጋይ በሌለበት ዳርቻ ሁሉ፣ የኖራ እቶን ቆሞ የምናገኘውስ ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት እሳት ነው። ጥሬ ኖራ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሙቀት እንጨት ያቀጣጥላል። የእንጨት ጀልባ ደግሞ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ያስገባል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሮክላንድ ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖራ ንግድ የታወቀች ነበረች። እዚያ ኖራውን በበርሜል አሽገው በሸራ መርከብ ይልኩ ነበር፤ የባሕረኞቹም ትልቁ ፍርሃት ማዕበል ሳይሆን ከመርከቡ ሆድ የሚወጣ የኖራ ሽታ ነበር። ጭነቱ እሳት ከያዘ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ማባባስ ስለሆነ፣ በርና መስኮቱን፣ የጣውላውን ስንጥቅ ሁሉ በራሱ በኖራ ልስን ደፍነው፣ እሳቱ አየር አጥቶ እስኪሞት ድረስ መልሕቅ ጥለው ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይጠብቁ ነበር። ካልሞተ መርከቡን ማስመጥ ነው። ጥሬው የኖራ ድንጋይ ግን ቢረጥብም ባይረጥብም ድንጋይ ነው። እንዲያውም ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ጀልባውን ወደ ዳር አስጠግተው ድንጋዩን ውሃው ውስጥ ያራግፉና፣ ባሕሩ ሲሸሽ በጋሪ የሚለቅሙበት ቦታ ብዙ ነበር። ኖራን እንዲህ የሚደፍር የለም።

ሁለተኛው ማገዶ ነው። እቶኑ የድንጋይ ከሰል ይፈልጋል፤ ከሰሉም እንደ ድንጋዩ የሚመጣው በጀልባ ነው፤ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ላለው ለዴቨንና በምዕራብ ዌልስ ላለው ለፔምብሮክሺር ዳርቻዎች ከደቡብ ዌልስ። ድንጋይና ከሰል ከሁለት አቅጣጫ መጥተው የሚገናኙበት፣ ገበሬው ደግሞ በጋሪ ወርዶ ትኩሱን ኖራ የሚወስድበት ቦታ የባሕሩ ዳር ብቻ ነበር። ኖራ ተቀምጦ የሚቆይ ዕቃ አይደለም፤ የአየሩን እርጥበትና ጋዝ እየጠጣ ይበላሻል። ስለዚህ የሚቃጠለው በተጠቃሚው ደጃፍ ነው።

«ገበሬው» አልኩ እንጂ «ግንበኛው» አላልኩም። የእነዚህ እቶኖች ዋና ደንበኛ ገበሬ ነበር። ዝናብ የበዛበት መሬት ኮምጣጣ ይሆናል፤ ኖራ ያንን ኮምጣጣነት ይሰብራል። ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ የግብርና ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ በወለጋ፣ በአዊ፣ በጎጃም ደጋ ያለ ገበሬ ኖራ በኩንታል እየጠበቀ ነው። ችግሩም የኖራው አለመኖር አይደለም፤ ለአንድ ሔክታር ብዙ ኩንታል የሚፈልግ ዕቃ እስከ ማሳው የሚያደርሰው ማን ነው የሚለው ነው። የዴቨኑ ገበሬ ችግር ይኸው ነበር፤ እሱ ግን ጀልባ ነበረው።

ወደ ግንባታው ልምጣ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው።

የተለመደው የጠረፍ እቶን ከሩቅ ሲታይ ምሽግ ይመስላል፤ ወፍራም፣ ወደ ላይ ሲወጣ ትንሽ እየጠበበ የሚሄድ የድንጋይ ግንብ፣ ከፊት ለፊቱ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ቅስቶች። አብዛኛውን ጊዜ ከተዳፋት ጋር ተለጥፎ ይሠራል። ድንጋዩና ከሰሉ የሚጨመረው ከአናቱ ስለሆነ፣ ከኋላ ኮረብታው ራሱ መወጣጫ ይሆናል፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ግን ለጋሪ የሚሆን አቀበት ከድንጋይና ከአፈር መገንባት ያስፈልጋል። ግንበኛ ያልሆነ ሰው እቶን ሲያይ የሚያየው ይህንን የውጭ ግንብ ነው። የእቶኑ ምሥጢር ግን ሁለት ግንብ መሆኑ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ሳይነካካ።

ውስጠኛው ድስቱ ነው። ቅርጹ የጠላ ጋን ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ወደ ታች የሚጠብ። ጥበቱ ለማማር አይደለም። ከላይ ከሰልና በጡጫ መጠን የተሰበረ ድንጋይ በየተራ ይደረደራል፤ እሳቱ መሐል ላይ ይቆማል፤ ከታች የበሰለው ሲወጣ ከላይ ያለው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አሽቆልቁሎ የሚጠብ ጎን ከሌለ የሚወርደው ድንጋይ መሐል መሐሉን ብቻ ሰርስሮ ጥሬውን ከበሰለው ጋር ያቀላቅላል። በደንብ የተሠራ እቶን አንዴ ከተቀጣጠለ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም የኖራ ወቅት እስኪያልፍ ሳይጠፋ ይሠራል። በየቀኑ ከላይ ይጎረሳል፣ ከታች ይወጣል።

ይህ ድስት በምን ይገነባል? በኖራ ድንጋይ ብትገነቡት እቶኑ ራሱን ያቃጥላል፤ ግድግዳው ከጭነቱ ጋር ኖራ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀት የሚችል አሸዋማ ድንጋይ ወይም የእሳት ሸክላ ይመረጣል፤ የመጋጠሚያውም ጭቃ ሸክላ አፈር ነው። እንዲህም ሆኖ ውስጡ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ይፈርስና እንደገና ይለበጣል። የሚለበጠው ግን ውስጡ ብቻ ነው፤ የውጪው ግንብ ሳይነካ ይቀራል። ሁለቱን የለዩበት ብልሃት እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

በሁለቱ ግንቦች መሐል ያለው ክፍተት በፍርስራሽ ድንጋይ፣ በአሸዋና በአፈር ይሞላል። ይህ ሙሌት ሙቀቱን ያምቃል፤ ድስቱ ሲግል ሲሰፋ፣ ሲበርድ ሲሰበሰብ የሚንቀሳቀስበትን ቦታም ይሰጠዋል። ድስቱን ከውጪው ግንብ ጋር አጣብቆ የሠራ ግንበኛ በጥቂት ወቅቶች ውስጥ ፊቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄድ ስንጥቅ ያያል። ዛሬም ቆመው ከሚታዩት እቶኖች ብዙዎቹ ይህ ስንጥቅ አላቸው፤ አንዳንዶቹን ከጎን ወደ ጎን በሚያልፍ የብረት ዘንግ አስረዋቸዋል። እኔ በበኩሌ የሕንፃ ተማሪ ሙቀት መዋቅርን ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ ከመማሩ በፊት የእነዚህን እቶኖች ፎቶግራፍ ቢያይ እመርጣለሁ።

ቅስቶቹስ? ቅስቱ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሄዶ ከድስቱ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ያልቃል። ኖራው የሚጎተተው በዚያች ቀዳዳ ነው፤ አየርም የሚገባው በዚያችው ነው። ከውጭ የሰፋው ሰው አካፋ ይዞ ጎንበስ ብሎ እንዲሠራ፣ ብርሃን እንዲገባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወጣው ትኩስ ኖራ ዝናብ እንዳይመታው ነው። ብዙ ቅስት ያለው እቶን ደግሞ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ አንዱን አፍ ዘግቶ ሌላውን ከፍቶ እሳቱን መቆጣጠር ያስችላል። የባሕር ነፋስ ቀኑን ሙሉ አቅጣጫ ስለሚቀያይር ይህ ቅንጦት አልነበረም።

የዚህ ሁሉ ትልቅ ማሳያ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በሊንዲስፋርን ደሴት ላይ ያለው ነው። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የስኮትላንድ የደንዲ ከተማ ድርጅት ከደሴቱ ቤተ መንግሥት ሥር የሠራው ነው፤ ስድስት ድስት በአንድ ግዙፍ ግንብ ውስጥ። ድንጋዩ ከደሴቱ ሰሜን በሐዲድ ላይ በፈረስ ይጎተታል፤ ከሰሉ ከደንዲ በመርከብ ይመጣል፤ ኖራው በዚያው መርከብ ተመልሶ ወደ ደንዲ ይሄዳል። ባዶ የሚሄድ መርከብ የለም ማለት ነው። በቅስቶቹ መሐል የሚያልፍ መተላለፊያ ስላለው ዛሬም ጎብኚው ውስጥ ገብቶ የድንጋዩን አገጣጠም ከቅርብ ማየት ይችላል። ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ሥራው ቆመ፤ ግንቡ ግን በአሁኑ ጊዜ በቅርስነት ይጠበቃል።

ከሱ የሚተልቀው በስኮትላንድ ፋይፍ ውስጥ ያለው የቻርልስታውን ነው፤ 14 እቶን ጎን ለጎን። ያስጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አምስተኛው የኤልጊን ባላባት ቻርልስ ብሩስ ነው። እዚያ የመሬቱን ተዳፋት እንዳለ ተጠቅመውበታል፦ ካባው ከላይ፣ እቶኖቹ መሐል ላይ፣ ወደቡ ከታች። ድንጋዩ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ወደ ላይ የሚሸከመው ሰው የለም። ሥራው እስከ 1956 (እ.ኤ.አ.) ቆይቷል። በነገራችን ላይ የዚህ ሰው ልጅ ከአቴንስ የጥንቱን የፓርተኖን ቤተ መቅደስ ቅርጻ ቅርጾች ነቅሎ ወደ እንግሊዝ የወሰደው ሎርድ ኤልጊን ነው። ለድርጊቱ ካቀረባቸው ማመካኛዎች አንዱ የአገሬው ሰው እብነ በረዱን እየሰበረ ለኖራ ያቃጥለዋል የሚል ነበር። እብነ በረድ ለኖራ መቃጠሉ እውነት ነው፤ በሮምም በግሪክም ብዙ ሐውልት በእቶን አልቋል። የአባቱን እቶኖች ሲያይ ያደገ ሰው ይህን ለመናገር ምስክር አያስፈልገውም ነበር፤ ማመካኛው ግን ማመካኛ ነው።

ስለ እቶኖቹ ደግ ደጉን ብቻ ማውራት ልክ አይሆንም። የኖራ ሠራተኛ ዓይኑን፣ ሳንባውን፣ የእጁን ቆዳ ይከፍልበታል። በብርድ ሌሊት ቤት የሌለው ሰው ሙቀት ፍለጋ እቶኑ አናት ጠርዝ ላይ ይተኛና ከሥሩ በሚወጣው ጋዝ ታፍኖ ሳይነቃ ይቀራል። ይህ በዚያ ዘመን ጋዜጦች ተደጋግሞ የሚወጣ ዜና ነበር።

ሁሉም የጠረፍ ኖራ በድንጋይ እቶን የተቃጠለ እንዳይመስላችሁ። በእኛው በኩል ባለው ባሕር፣ በምጽዋና በሱዋኪን፣ እንዲሁም ወደ ደቡብ በላሙ፣ በዛንዚባርና በኪልዋ፣ ቤቱ የሚሠራው ከባሕር በወጣ ኮራል ነው፤ ኖራውም ከዚያው ኮራል ይቃጠላል። በስዋሂሊ ጠረፍ ግንድ በክብ ይከመራል፣ ኮራሉ ከላይ ይደረደራል፣ እሳት ይለኮስበታል፤ ሲያልቅ የቀረው ነጭ ክምር ውሃ እንዲጠጣ ይተዋል። ግንብ የለ፣ ቅስት የለ። ኋላ ቀርነት ነው ብሎ የሚያልፍ አለ፤ እኔ አልስማማም። ድንጋዩም ማገዶውም እዚያው ካለ፣ የሚፈለገውም ለአንድ መስጊድ ወይም ለአንድ ቤት ከሆነ፣ ለዓመታት የሚቆም እቶን መገንባት ገንዘብ ማባከን ነው። የሱዋኪን ቤቶች መፍረስም የሚያስተምረው ከዚህ ጋር ይሄዳል። አዲሱ ፖርት ሱዳን ተከፍቶ ነዋሪው ሲለቅ፣ በየጊዜው የሚታደሰው የኖራ ልስን ተቋረጠ፤ ውሃ ኮራሉ ውስጥ ገባ፤ ፎቆቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚሲዮናዊ) ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ ከህንድ የመጣ ሰው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በዚህ አገር እንዳገኘ ጽፏል። ብዙም ሳይቆይ ዐፄ ፋሲል (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ጎንደር ላይ በኖራ የተያያዘ ግንብ አቆሙ፤ እስከ ዛሬ አለ። ልብ በሉ፤ ጎንደር ላይ የጎደለው ድንጋይ ወይም ጠራቢ አልነበረም። ማያያዣው ነበር።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ያጋጠማትም ይኸው ነው። ከተማችን የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ እንደልብ ነው፣ የኖራ ድንጋይ ግን የለም። እሱ ያለው ሙገርና ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በዳይኖሰር ዘመን ይህን አገር ሸፍኖ የነበረ ባሕር ወለል ላይ የተከማቸ ዝቃጭ ነው። ደጀን ሳይደርሱ ገደሉን የወረደ ሰው ያ ነጣ ያለ ገደል ምን እንደሆነ አይቶታል። ስለዚህ ባሕር የለንም ስንል ባሕራችን ደርቆ ድንጋይ ሆኗል ማለታችን ነው፤ የጎደለን ጀልባው ነው። ከሸለቆው ሥር እስከ አራዳ በበቅሎ ኖራ መጫን ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መንግሥት ካልሆነ የሚቻል ወጪ አልነበረም። መደበኛው ቤት ድንጋዩ በጭቃ ተያያዘ፤ ኖራ ከተገኘም ለልስኑና ለመጋጠሚያው ፊት ብቻ ዋለ። ህንዶች፣ አርመኖችና የአገራችን ግንበኞች የሠሯቸው፣ ባለ እንጨት በረንዳ የምንላቸው ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ጅቡቲ ለገሃር መጣች ማለት ነው፤ ከውጭ የሚገባው ሲሚንቶም አብሮ መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተሠራ። አስተውሉ፤ ድሬዳዋ የኖራ ድንጋይም ባቡርም አላት። እንደ ሊንዲስፋርን ድንጋይና መጓጓዣ በአንድ ቦታ የተገናኙባት ከተማ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶ ሁሉንም ሸፈነ፤ አሮጌዎቹንም ጭምር። ይህ ነው የሚያናድደኝ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ እርጥበት ይጠጣል፣ በፊቱ በኩል ይተነፍሳል። ፊቱን በሲሚንቶ ማልታ ሲመርጉት ከመሬት የሚወጣው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ይለሰልሳል፣ ልስኑ ያብጣል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክረምት እንደ ቅርፊት ይወድቃል። ባለቤቱም ቤቱ አርጅቷል ብሎ የበለጠ ሲሚንቶ ይጨምራል። መሬታችን ደግሞ በብዙ ሰፈር ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ኖራ ከግንቡ ጋር ትንሽ መንቀሳቀስ ይችላል፤ ሲሚንቶ አይችልም። ጎንደር ላይም በጣሊያን ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግነው ነበር፤ የኋለኞቹ ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመልሰዋል።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለን። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን በ1750ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሕር መሐል ባለው ኤዲስቶን ዐለት ላይ መብራት ቤት ሲሠራ፣ ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ኖራ ፈልጎ ብዙ ሞከረ። በመጨረሻም ከዌልስ ጠረፍ ከአበርታው የመጣ፣ ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይ አቃጥሎ ከጣሊያን ካስመጣው የእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ቀላቀለው። እሱ ከጣሊያን በመርከብ ያስመጣው ዓይነት አመድ በእኛ ስምጥ ሸለቆ በገፍ አለ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ዛሬም ከምርታቸው ጋር ይፈጩታል። ኖራና ይህን አመድ የቀላቀለ ማያያዣ ለአራዳ አሮጌ ቤቶች ከማንኛውም ነገር የተሻለ ይመስለኛል፤ ቶሎ ይይዛል፣ ግን ግንቡን አያፍንም።

ለሚጠግኑ ሁለት ነገር ብዬ ላቁም። ጥሬ ኖራ በክረምት በጭነት መኪና አታስመጡ፤ ሸራው ከተቀደደ የሮክላንድ ባሕረኞችን ታሪክ በሰንዳፋ መንገድ ላይ ትደግሙታላችሁ። ከመስቀል በኋላ አስመጡ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ አጠጡት፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ አጥልላችሁ በውሃ ሸፍናችሁ አቆዩት፤ ባረጀ ቁጥር ይለሰልሳል። ሥራው ሲጀመር ደግሞ መጀመሪያ አሮጌውን ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ፣ በማሽን ሳይሆን፣ ቀስ ብላችሁ አላቅቁ፤ ግንቡን በውሃ አርጥቡ፤ የተለሰነውን ለቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። ግንበኛው «ጋሼ፣ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ላድርግበት፣ ቶሎ እንዲይዝ» ይላችኋል። እሺ አትበሉት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።